ባዚሊካታን በመኪና፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ጣሊያን ካወራን በኋላ የደወሉልን አብዛኞቹ ሮምን፣ ፍሎሬንስንና ቬኒስን አይተው የጨረሱ፣ አሁን ደግሞ ሰው ያልበዛበትን ጣሊያን ማየት የሚፈልጉ ናቸው። ለእነዚህ አድማጮች ያለኝ መልስ አንድ ነው፤ ወደ ደቡብ ውረዱ፣ መኪና ተከራዩና ባዚሊካታ ወደምትባለው ክልል ግቡ። በካርታው ላይ የቡት ጫማ በሚመስለው አገር ተረከዝና ጣት መካከል ታገኟታላችሁ። የመንገደኞች አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፣ ዋናው የአገሪቱ የባቡር መረብም ማቴራ ከተማን አይነካም። ብዙ ጎብኚ ሳያያት የሚመለሰውም ስለዚህ ነው። ከመጡት ጥያቄዎች መካከል አምስቱን መርጫለሁ።

«አንድ ሳምንት ፈቃድ አለኝ። ፑሊያን፣ ባዚሊካታንና ካላብሪያን አዳርሼ መመለስ እችላለሁ?»

መንዳቱን ይችሉታል፤ የሚያስታውሱት ግን አስፋልቱን ብቻ ይሆናል። ሳምንቱን በሙሉ ለባዚሊካታ ይስጡ፤ እሱም አይበዛም።

ካርታውን ሲዘረጉ ከከተሞቹ በፊት ወንዞቹን ይፈልጉ። ብራዳኖ፣ ባዜንቶ፣ ካቮኔ፣ አግሪና ሲኒ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ኢዮንያ ባሕር ይወርዳሉ። ፈጣኖቹ መንገዶች የተዘረጉት ሸለቆ ተከትለው ነው፤ ለምሳሌ 407 ቁጥር መንገድ ባዜንቶን ይዞ ከክልሉ ዋና ከተማ ከፖቴንሳ እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ ያለ ብዙ ድካም ያወርዳል። ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው መሻገር ግን ፈጽሞ ሌላ ጉዞ ነው። ይወጣሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ ይወርዳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ቢፈጅብዎ አይደነቁ። የጥንት ሰዎች ከሸለቆው ወባና ከወራሪ ሸሽተው መንደራቸውን ኮረብታ አናት ላይ ስለሠሩ፣ ማየት የሚፈልጉት ቦታ ሁሉ ማለት ይቻላል ዳገት አለው። ይህ ከገባዎ የቀን ዕቅድዎ አይዛነፍም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አውሮፕላኑ በጎረቤቷ ፑሊያ ክልል ባለችው ባሪ ከተማ ያሳርፈኛል፤ ከዚያ ማቴራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ሌሊት እዚያ አድራለሁ። ከድንጋይ ተፈልፍለው የተሠሩት የማቴራ ቤቶች ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በመንግሥት ውሳኔ ወደ አዳዲስ ሰፈሮች ተዛውረው ነበር፤ በ1993 ግን ያው የተተወው ሰፈር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በሦስተኛው ቀን ወደ ክራኮ እነዳለሁ። ክራኮ በ1963 በደረሰ የመሬት መንሸራተት ምክንያት ነዋሪዎቿ የለቀቋት መንደር ናት። ግንቡ፣ የቤቶቹ ግድግዳና ባዶ መስኮቶቹ ኮረብታው ላይ እንዳሉ ቆመዋል። ወደ ውስጥ የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሌሊቶች ለካስቴልሜዛኖ እሰጣለሁ፤ በዚህ አልደራደርም። ወደ መንደሩ የሚያስገባው መንገድ ቋጥኙን በሰነጠቀ ዋሻ ውስጥ ያልፍና ድንገት መንደሩን ፊት ለፊት ያቀርብልዎታል። ቤቶቹ ከሾጣጣ ድንጋዮች ሥር ተለጥፈው የትኛው ግድግዳ ሰው እንደሠራው፣ የትኛው ተራራው ራሱ እንደሆነ ለመለየት ዓይን ጊዜ ይወስድበታል። ከገደሉ ማዶ ጎረቤቷ ፒየትራፔርቶሳ ትታያለች። ቀሪ ቀን ካለ ወደ ሰሜን፣ ሮማዊው ባለቅኔ ሆራስ ወደተወለደባት ቬኖዛ፤ ባሕር ለሚወድ ደግሞ በምዕራብ ወደ ማራቴያ።

«መንጃ ፈቃዴ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተሰጠ ነው። ያከራዩኛል?»

ያከራዩዎታል፤ ነገር ግን ከመንጃ ፈቃድዎ ጋር ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ ወይም ሕጋዊ የጣሊያንኛ ትርጉም መያዝ ይኖርብዎታል። አከራዩ ባይጠይቅዎ እንኳ መንገድ ላይ የሚያስቆምዎ ፖሊስ ይጠይቃል። ለመያዣ የሚሆነው ክሬዲት ካርድ በአሽከርካሪው ስም የወጣ ይሁን። አውቶማቲክ ብቻ የሚነዱ ከሆነ ቀደም ብለው ይዘዙ፤ በደቡብ ያሉት የኪራይ መኪኖች አብዛኞቹ ባለማርሽ ናቸው። ትንሽ መኪና ይምረጡ። ምክንያቱን ቀጥሎ እነግርዎታለሁ።

«ከጣሊያን ከተመለስኩ ከወራት በኋላ የቅጣት ደብዳቤ መጣልኝ። ያቆመኝ ሰው አልነበረም። ምን አጥፍቼ ነው?»

ከሁኔታው እንደምረዳው «ዞና አ ትራፊኮ ሊሚታቶ» ወደሚባል ክልል ገብተዋል። የብዙ ከተሞች አሮጌ ማዕከል ለነዋሪዎች መኪና ብቻ የተፈቀደ ሲሆን መግቢያው ላይ ያለው ካሜራ የሰሌዳዎን ፎቶ ያነሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በምልክቱ ነው። «ቫርኮ አቲቮ» የሚለው መብራት «መግቢያው ክፍት ነው» ማለት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ተቃራኒው ነው፤ ካሜራው እየሠራ ነው፣ አይግቡ ማለት ነው። ማደሪያዎ በዚያ ክልል ውስጥ ከሆነ ከመድረስዎ በፊት ደውለው የሰሌዳ ቁጥርዎን ያስመዝግቡ። አለዚያ መኪናውን ውጭ አቁመው በእግር ይግቡ። ነጭ መስመር ያለው ማቆሚያ ነፃ፣ ሰማያዊው የሚከፈልበት፣ ቢጫው ደግሞ ለተለዩ ተጠቃሚዎች የተያዘ ነው።

ካሜራ በሌለባቸው መንደሮችም ቢሆን ወደ ውስጥ አይንዱ። አንድ ምሽት ስልኬ ያሳየኝን መንገድ አምኜ ገባሁ፤ መንገዱ ጠበበ፣ ጠበበና ሁለቱንም የጎን መስታወቶች ማጠፍ ግድ ሆነብኝ። ከፊቴ የነበረው ደረጃ ነው። አንድ አዛውንት ከቤታቸው ወጥተው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ መዳፋቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዘነበሉ ሰባ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መሩኝ። ስጨርስ የመኪናውን ጣሪያ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ተመለሱ። እኚያን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

«ነዳጅ ስቀዳ እንዳልሳሳት እፈራለሁ። ቋንቋውን አላውቅም።»

ከሚያስቡት በላይ ያውቁታል። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ጋራዥ ውስጥ አንዱን ቢጠሩ ይገባቸዋል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ማደያው ላይ ናፍጣ «ጋዞሊዮ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። በእንግሊዝኛ ቤንዚን ከሚጠራበት ስም ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ መንገደኛ ተሳስቶ ሞተር አበላሽቷል። የእርስዎ መኪና የቱን እንደሚጠጣ መኪናውን ሲረከቡ ጠይቀው ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ ያንሱ።

«ሰርቪቶ» የሚል ካዩ ሠራተኛ ይቀዳልዎታል፤ ዋጋው ከፍ ይላል። በምሳ ሰዓትና በሌሊት ሠራተኛ ላያገኙ ይችላሉ፤ ያኔ ማሽኑ ላይ አስቀድመው ከፍለው የፓምፑን ቁጥር ይመርጣሉ። ማሽኑ የውጭ ካርድ አልቀበልም የሚልበት ጊዜ ስላለ የአሥርና የሃያ ዩሮ ኖት ይያዙ። መልስ አይሰጥም። በተራራው ውስጥ ማደያ ስለሚራራቅ ግማሽ ታንክ ሲደርስ ይሙሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «ፍራና» የሚል ምልክት ካዩ መሬቱ የተንሸራተተበት ቦታ ነው፣ ፍጥነት ይቀንሱ። «ስትራዳ ኪዩዛ» ካለ መንገዱ ተዘግቷል፤ ስልክዎ እለፍ ቢልዎትም ይመለሱ። የባዚሊካታ አፈር ሸክላማ ስለሆነ ክረምቱ በየጊዜው መንገድ ይበላል። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ከሄዱ ደግሞ በብዙ መንገዶች ላይ የበረዶ ጎማ ወይም ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው።

«እናቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ማቴራን ሊያዩ ይችላሉ?»

አዎ፣ ይውሰዷቸው። የድንጋይ ሰፈሮቹ ውስጥ ደረጃ ይበዛል፤ ድንጋዩም ከብዙ ዘመን እግር የተነሳ ልሙጥ ሆኗል። እናትዎን ወደዚያ አያውርዱ። ማረፊያዎን በላይኛው አዲሱ ከተማ ይያዙና ወደ ቪቶሪዮ ቬኔቶ አደባባይ ይዘዋቸው ይሂዱ። ሜዳ ነው። በአንዱ ጎን ባሉት ሦስት ቅስቶች በኩል ሲያልፉ ሳሶ ባሪሳኖ የሚባለው አሮጌው ሰፈር በሙሉ ከእግርዎ ሥር ይዘረጋል። ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ፤ ጣሪያ በጣሪያ ላይ የተደራረበው ድንጋይ መጀመሪያ ወርቃማ ይሆናል፣ ከዚያ ይገረጣል፣ ከዚያም በየመስኮቱ መብራት አንድ በአንድ ይበራል። ስለሚበርድ ነጠላቸውን ወይም ሹራባቸውን አይርሱባቸው።