የወፍጮ ሞተር የምታውቁ፣ ንገሩኝ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። መልሱ ያለው እናንተ ዘንድ ነው፤ ከእናንተም ይልቅ አባቶቻችሁና አጎቶቻችሁ ዘንድ። ስለ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ላወራ ነው። የመኪናውን ማለቴ አይደለም። በሲሚንቶ መደብ ላይ በቡሎን ታስሮ፣ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ፣ በቺንጋ ወፍጮ የሚያዞረውን ማለቴ ነው።

ወሎ ያደገ ሰው ድምፁን አይስተውም። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። ከጋራው ማዶ ይሰማል። ከተሰማ ወፍጮው ተነስቷል፣ እህሉ አህያ ላይ ይጫናል። ካልተሰማ ወይ ናፍጣ አልቋል ወይ ሞተሩ ተበላሽቷል፤ ማንም በከንቱ መንገድ አይወጣም። ከዚያ በፊት የነበረውን ደግሞ እናቶቻችንን ጠይቋቸው። በዶሮ ጩኸት ተነስቶ ወፍጮው ላይ ማጎንበስ፣ መጅ መግፋት... የቆላውን ማሽላ፣ የደጋውን ገብስ በእጃቸው ሲፈጩ ወገባቸው የጎበጠ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ለዚህ ሞተር ያለኝ ክብር የሚጀምረው ከእነሱ ነው።

አሁን መብራት በገባበት ሁሉ የመብራት ወፍጮ እየተተከለ ነው። ጥሩ ነው፤ ጭስ የለም፣ ሞተር በእጅ አዙሮ ማስነሻውን ማኖቬላ መታገል የለም። አሮጌው ሞተር ግን ጓሮ ይወጣል፣ ዝናብ ይመታዋል፣ አንድ ቀን ብረት ገዢ መጥቶ በኪሎ ይወስደዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ገብቶ መብራት ሲቋረጥ፣ የመብራቱ ወፍጮ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያኔ ጥቂት ናፍጣ ያለው፣ አሮጌ ሞተሩንም ያልሸጠ ሰው ነው ለሰፈሩ የደረሰው። ያን ካየን በኋላ ሞተሩ በኪሎ ሲሸጥ ሳይ ያንገበግበኛል።

ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ሐይቅ ከተማ፣ አንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ ውስጥ የተቀመጠ ሞተር አለ። አንድ ሲሊንደር ነው፤ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ቮላኖ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ከባድ የብረት ጎማ ያለው። የናስ ሰሌዳው ተነቅሎ ሄዷል፤ ቀዳዳዎቹ ብቻ ቀርተዋል። ቴስታታው ላይ፣ ማለትም የሲሊንደሩ ክዳን ላይ ግን በእጅ የምትዞር ትንሽ ጎማ አለች። ይቺ ጎማ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ለምን መሰላችሁ? ባለ ወፍጮዎች ሲያወሩ ደጋግሜ የምሰማው ስም ሊስተር ነው። ሊስተር በ1867 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር፣ ደርስሊ በምትባል ትንሽ ከተማ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ሲ ኤስ የሚባለውን የናፍጣ ሞተሩን በ1930 ገደማ አወጣው፤ እስከ 1980ዎቹም ድረስ ሠራው። አስቡት፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያው ሞተር! ከእሱ በፊት የነበሩ ብዙ ሞተሮች ጭንቅላታቸው በእሳት እስኪግል ካልተጠበቀ አይነሱም ነበር። ሲ ኤስ ግን ከነቅዝቃዜው በማኖቬላ ይነሳል። በጣም የታወቀው ባለ አንድ ሲሊንደሩ ነው፤ ስድስት የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 650 ዙር። በሁለት ዙር አንዴ ስለሚተኩስ በደቂቃ 325 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ከጋራው ማዶ የምንሰማው እሱን ነው።

ያቺ ትንሽ ጎማ ደግሞ ሲ ኤስም ላይ አለች፤ የምትሠራው ሥራም አላት። ስትጠብቅ አየሩ የሚታመቅበት ክፍል ይጠብባል፣ እመቃው ይጨምራል፣ ሞተሩ በብርድ በቀላሉ ይነሳል። ሞተሩ ከሞቀና ሙሉ ጭነት ከመጣ በኋላ ትላላለች። የደሴን የኅዳር ጠዋት የሚያውቅ ሰው ጥቅሟን ሳልነግረው ይረዳዋል።

ታዲያ ሊስተር ነው ብዬ እንዳልዘጋው፣ ሕንድ አገር፣ ጉጃራት ውስጥ ራጅኮት የሚባል ከተማ አለ። እዚያ ያሉ ፋብሪካዎች ይህንኑ ሞተር ቀድተው ሲሠሩና ወደ ብዙ አገር ሲልኩ ኖረዋል። ልኩ ያው ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 114.3 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 139.7። ለክታችሁ አትለዩትም። ከሕንዶቹ ብዙዎቹ ያቺን ጎማ ትተዋታል፤ የያዟትም አሉ። እንግዲህ የሐይቁ ሞተር የደርስሊ ልጅ ነው ወይስ የራጅኮት? ሁለቱንም ፈትታችሁ የገጠማችሁ መካኒኮች፣ በምንድን ነው የምትለዩአቸው? በብረቱ አወጣጥ ነው? በናፍጣ ፖምፓው ነው? ቡሎኑን በሚያጠብቀው ዳዶ ልክ ነው? የእንግሊዙ ዳዶ በሚሊ ሜትር ቁልፍ አይያዝም፣ ቁልፉ እየተንሸራተተ ጠርዙን ይበላዋል፤ ይሄ አንድ ምልክት ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ወደሚያጓጓኝ ነገር ልምጣ። ስለነዚህ ሞተሮች የተጻፈው ሁሉ የተጻፈው ለዝቅተኛ አገር ነው። ስድስት የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚያ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ቀጭን ነው፣ ያንኑ ያህል ናፍጣ ከሰጡት ግን አቃጥሎ አይጨርሰውም፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ማቀዝቀዣ ውሃውም እንደዚያው ነው። ከጎኑ ካለው በርሜል ውሃው ሲሞቅ ራሱ ወደ ላይ እየወጣ፣ ሲቀዘቅዝ እየወረደ ነው የሚዞረው፤ የውሃ ፖምፓ የለውም። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ መቶ እስኪደርስ አይጠብቅም። ስለዚህ ገበያ ቀን፣ ሰልፉ ሲበዛ፣ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ሲውል፣ በርሜሉ ቶሎ ይንፈቀፈቃል።

ኮምቦልቻ ደግሞ ቁልቁል ናት፣ 1,850 ሜትር አካባቢ። አንድ ሞተር ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴ ሲወጣ፣ ከደሴም አልፎ ለጋምቦ ደጋ ሲተከል፣ ያነሱት ሰዎች ምን አደረጉ? ናፍጣውን ቀነሱ? ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ በትንሽ ቀየሩት? ትልቅ በርሜል ተከሉ? ወይስ እህሉን ቀስ ብለው እየለቀቁ ኖሩ? ይህን ማንም መጽሐፍ አልጻፈልንም። የሠሩት ሰዎች ግን ያውቁታል፤ በእጃቸው ነው ያለው።

አንድ አባት ሐይቅ ላይ ያሉኝን ልንገራችሁ። ከጀርባ ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ እህሉ ጤፍ ይሁን ማሽላ በሞተሩ ድምፅ እለያለሁ አሉኝ። አምኛቸዋለሁ፤ ምክንያት አለው። እህሉ ሲከብድ ሞተሩ ዝግ ማለት ይጀምራል፣ ያኔ መቆጣጠሪያው ናፍጣ ይጨምርለታል፣ ምቱም ይወፍራል። እህሉ ሲያልቅ ይቀልላል። ድንጋዩ ሳይወቀር ሲቀር ደግሞ ሌላ ድምፅ አለው፤ ሞተሩ ይለፋል፣ ዱቄቱ ይሞቃል። እኚህ ሰው ይህን ሁሉ በጆሯቸው ይዘውታል። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ የነዚህ ሞተሮች ትልቁ ታሪክ ያለው እዚህ ጆሮ ውስጥ ነው፤ የፋብሪካውን ቁጥር እንግሊዝም ተቀምጦ መፈለግ ይቻላል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። መጀመሪያ፣ ሞተሩ የቆመበትን ጓሮ የምታውቁ፣ ሰሌዳው ካለ አንብቡልኝ። በአሸዋ ወረቀት እንዳትፍቁት፣ ቁጥሩ ይጠፋል፤ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ ፊደሉንም ቁጥሩንም ሳታስተካክሉ እንዳለ ፎቶ አንሱት። ሁለተኛ፣ እንዴት እንደመጣ ጠይቁ። በአሰብ ገብቶ በሚሌና በባቲ ወጣ? ወይስ ከአዲስ አበባ በጣርማ በር ወረደ? መኪና በማይገባበት ቀበሌስ ቮላኖውን ማን ተሸከመው? ያን ቀን የነበሩ ሽማግሌ ካሉ ማን ምን እንደዘፈነ፣ ምን እንደታረደ ሳይቀር ይነግሯችኋል፤ አታቋርጧቸው፣ ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅረጹ።

እና ደግሞ፣ በደሴም በኮምቦልቻም የእነዚህን ሞተሮች ፋሻና ብሮንዚና ሲቀይሩ፣ የተሰነጠቀ ቴስታታ ሲበይዱ የኖሩ መካኒኮች አሉ። ሞተሩን ወደ ደጋ ሲያወጡ የናፍጣ ፖምፓውን የነኩ እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱን የምታውቁ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቁልኝና አገናኙኝ፤ ያሉበት ድረስ እመጣለሁ።