ራሴን ነው ያመመኝ

ጤና ይስጥልኝ።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ከወረዳና ከቀበሌ የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ የጤና ባልደረቦቼ፤ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የተጠየቅኩት መንግሥት በአፍላ ዕድሜ የሚከሰት ያልተፈለገ እርግዝናን ለመቀነስ ምን ማድረግ ይችላል በሚለው ላይ እንድናገር ነው። ከዕቅዱና ከቁጥሩ በፊት ግን ስለ አንድ ፓራሲታሞል ላውራችሁ።

ከ14 ዓመት በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ገበያ ቀን። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቷል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በዩኒፎርሟ ላይ ነጠላ ደርባ መጣች። የቤተሰቦቿ ቤት ከከተማው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር የምትማረው። ዓርብ ማታ ትሄዳለች፣ እሑድ እንጀራና በሶዋን ተሸክማ ትመለሳለች።

ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ከመስኮቱ ውስጥ ሆና ጮክ ብላ «ምንሽን ነው ያመመሽ?» አለቻት። ልጅቷ ዞር ብላ ወንበሩን አየች። የአገሯ ሰው የሆነች አንዲት እናት ቅቤዋን ሸጣ፣ ሕፃኗን ልታስከትብ ተቀምጣለች።

«ራሴን ነው ያመመኝ» አለች።

እኔ ጋ ስትገባም በሩ ክፍት ነው። ሁልጊዜም ክፍት ነበር፤ ክፍሏ ጠባብና ሞቃት ስለነበረች። ትኩሳቷን ለካሁ፣ ፓራሲታሞል ጻፍኩላት። ወረቀቱን ተቀብላ በሩ ላይ ቆም አለች። የሆነ ነገር ልትል ነው። ወረፋው ረጅም ነበርና «ቀጣይ!» ብዬ ተጣራሁ።

ከወራት በኋላ ተመልሳ መጣች። ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰብስባ ይዛዋለች። ያን ሐሙስ የመጣችው ስለ እርግዝና መከላከያ ልትጠይቀኝ እንደነበር የነገረችኝ ያኔ ነው። መከላከያው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የሦስት ወሩ መርፌም፣ ክኒኑም ነበረ። ዋጋ አይከፈልበትም፣ በነጻ ነው። ልጅቷና መሳቢያው መካከል የነበረው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም።

መንግሥት ያንን መድኃኒት እዚያ መሳቢያ ድረስ ለማድረስ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ይህን ማንም እንዲያሳንሰው አልፈልግም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት ከ100 ውስጥ 6 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. 41 ደርሰዋል። ይህ በአንድ ትውልድ ውስጥ የመጣ ለውጥ ነው። ያመጡትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ። በእግራቸው ከቤት ቤት ዞሩ። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክንድ የሚቀበረውን፣ ሦስት ዓመት የሚያገለግለውን መከላከያ እዚያው ጤና ኬላ ሆነው መስጠት ጀመሩ። ለአንዲት የገጠር እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሲያዋልድ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አሁን የጠራኋቸው ቁጥሮች ያገቡ ሴቶችን ብቻ የሚመለከቱ ናቸው። ሥራው ሁሉ የተቀየሰው ለእነሱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ስትገባ የምታነጋግረው እናትየዋን ነው። ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች ወይ ቡና ታፈላለች። ስሙንም ተመልከቱት። በሩ ላይ የተጻፈው «የቤተሰብ ምጣኔ» ነው። የ16 ዓመት ተማሪ ያን በር ስታየው የምትመጥነው ቤተሰብ የላትም። ባለትዳሮች የሚገቡበት ነው ብላ ታልፈዋለች። ገብታ ብትታይ ደግሞ ማታውኑ ወሬው አገሯ ይደርሳል።

ለወጣቶች ምቹ የሆነ የጤና አገልግሎት የሚባል ፕሮግራም አለን። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው። ለብቻ የሆነ ክፍል፣ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ለወጣቱ የሚመች ሰዓት። ካየኋቸው ክፍሎች አንዳንዶቹ በእርግጥም ይሠራሉ። አንዱን ግን ከፍቼ ያየሁት የአሮጌ ፍራሽና የተሰበረ ሚዛን መጋዘን ሆኖ ነው። ፖስተሩ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ሌላው ንጹሕ ነው፣ ባለሙያዋም ጎበዝ ናት፤ የሚከፈተው ግን ጠዋት 2፡30 ሆኖ የሚዘጋው 11፡30 ነው። ተማሪዋ በዚያ ሰዓት የት ናት? ክፍል ውስጥ። ስትወጣም ልብሷን ታጥባለች፣ ወጥ ትሠራለች። ስለዚህ ለእኔ የመጀመሪያው ጥያቄ የሕንጻ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ማታ 1 ሰዓት ክፍት ይሁን። መግቢያው በጓሮ ይሁን። ካርድ ክፍል ሳያልፉ ይግቡ። ማንም «ምንሽን ነው?» ብሎ በመስኮት አይጩህባቸው። በሩ ላይም ሌላ ስም እንጻፍበት።

አሁን ደግሞ ከጤና ጣቢያው እንውጣ፤ ምክንያቱም ትልቁ ነገር ያለው ከዚያ ውጭ ነው።

በዚሁ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የ2008 ዓ.ም. ዙር ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች ከ100 ውስጥ 13ቱ ወይ ወልደዋል ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። አዲስ አበባ 3፣ አማራ ክልል 8፣ አፋር 23። ይህ የክልል ልዩነት ያስደነግጣል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላው ሰንጠረዥ ነው። ጭራሽ ካልተማሩት ከ100 ውስጥ 28ቱ። ሁለተኛ ደረጃ ከደረሱት 4ቱ። እርግጥ ነው፣ ያገባች ልጅ ትምህርት ታቆማለች፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ቢሆንም ሠላሳ ዓመት አዋላጅ ብሆን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ገደል ብቻዬን ልሞላው አልችልም። መምህሩ ግን ይሞላዋል።

ስለ ሞሰቦ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ያለ ቀበሌ ነው። በ1996 ዓ.ም. የአማራ ክልል ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ፖፑሌሽን ካውንስል ከሚባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት ጋር ሆኖ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም እዚያ ጀመረ። ልጃገረዶቹ በሴት አስተባባሪ ሥር እየተሰበሰቡ ይማራሉ፤ ትምህርት ቤት ላለች ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣታል። ወላጆች በየጊዜው ቁጭ ብለው ስለ ጋብቻ ዕድሜ ይወያያሉ። ልጃቸውን ሳይድሩ ለሁለት ዓመት ላቆዩ ቤተሰቦች በመጨረሻ አንድ በግ ይሰጣል። በግ! ውጤቱ ምን ሆነ? ከ10 እስከ 14 ዓመት ካሉት መካከል የማግባት ዕድላቸው ፕሮግራሙ ከሌለበት ቀበሌ ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። እውነቱን ለመናገር ከ15 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ያን ያህል አልሠራም። እንዲያውም ከእነሱ ያገቡት ከንጽጽር ቀበሌው ይበልጡ ነበር። የ14 ዓመቷን ማቆየት የ16 ዓመቷን ማቆየት ማለት አይደለም። ለትልልቆቹ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቅርብ፣ ካልሆነም የሚያድሩበት ንጹሕ ቤት። ያቺ የእኔ ልጅ የተከራየቻት ክፍል በሯ በገመድ ነበር የሚታሰረው።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። በጦርነቱ ምክንያት በክልላችን በአማራ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሚሊዮኖች ቤት ቀርተዋል። ደጃፉ የተዘጋ ትምህርት ቤት ባለበት ቀበሌ አባት ልጁን «እስከ መቼ ላስቀምጣት?» ቢል ምን እመልስለታለሁ? ስለ እርግዝና የምናወጣው ዕቅድ ሁሉ ትምህርት ቤቶቹ እንዲከፈቱ ከመጠየቅ መጀመር አለበት። እኔ እንደዚህ ነው የማምነው።

ሕጉ አለ። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዕድሜዋ ያልደረሰን ልጅ ያገባ ሰው ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ይታሰራል። ሁላችንም ግን ማኅበር ነው፣ ተዝካር ነው ተብሎ ተደግሶ በሌሊት የሚዳሩትን እናውቃለን። አስቀድማ ለመምህሯ የምትናገር ልጅ አለች፤ መምህሩ የሚደውልበት፣ ስልኩን አንስቶ በዚያው ቀን የሚመጣ ሰውም መኖር አለበት።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን በእምነታችን ስለ ጽንስ ማቋረጥ የምናስበው አለ፤ አከብረዋለሁ። ሕጉ ግን ልጅቷ ከተደፈረች፣ ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ በአካልም በአእምሮም ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች፣ በጤና ተቋም ጽንሱን ማቋረጥ እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ስትደፈር ለማረጋገጫ ፖሊስ ዘንድ እንድትሄድ አትገደድም፤ ቃሏ ይበቃል። ይህን ሳያውቁ ሌላ ቦታ ሄደው፣ በደም ተነክረው በሌሊት የመጡብኝ ልጆች አሉ። ሁሉንም አላተረፍናቸውም።

ስለ ወንዶቹም ባጭሩ። ልጅቷ ብቻዋን አላረገዘችም። በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ስለ መራቢያ አካላት ሲደርስ ሴቶቹን ለይተን ማስወጣቱን እንተው። ወንዶቹም ይቀመጡ፣ ይስሙ፣ ይጠይቁ።

ገንዘብስ? ለመከላከያ መግዣ የሚውለው ለዓመታት በአብዛኛው ከለጋሾች ነው የመጣው። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ ይህ ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ሁላችንም አየን። መርፌና በክንድ የሚቀበረው በራሳችን በጀት፣ በራሱ መስመር ይያዝ። እንግሊዞች በ1999 እ.ኤ.አ. የአሥር ዓመት ዕቅድ አውጥተው በየአካባቢው አንድ ተጠያቂ ሰው መደቡ። በ1998 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 17 ዓመት ካሉ ከ1,000 ሴቶች 47 ያህሉ ያረግዙ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ከ17 በታች ሆነ። ሃያ ዓመት ፈጅቷል። በየወረዳችን ማን ነው የሚጠየቀው? ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ በየወረዳው አንድ ስም እንድትጽፉልኝ እለምናችኋለሁ። የስብሰባውን ሰነድ አልፈልግም። ስምና ስልክ ቁጥር ይበቃኛል።

ያቺ ልጅ ትምህርቷን አልቀጠለችም። አሁን ከተማ ውስጥ ጉልት ትሸጣለች፤ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ቡናም አብረን እንጠጣለን። ሴት ልጇ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ገብታለች። ረጅም ናት፣ እናቷን ትመስላለች። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ «እናቴ ጤና ጣቢያ እንደምትሠሪ ነገረችኝ» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «የምትጠይቂኝ ነገር ካለ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ነይ፤ እኔ አለሁ። በጓሮ በኩል ግቢ።»

አመሰግናለሁ።