ልዩ ልዩ

ሰላም፣ ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከድምፄ ጀርባ የሚያጉረመርም ነገር ከሰማችሁ ማይኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ዝናብ ነው። ያለሁት ሐዋሳ ነው፣ ወሩ ሐምሌ ነው፣ ጣሪያችን ደግሞ ቆርቆሮ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ፣ ወይ ፍንክች! ስለዚህ ከነዝናቡ እንቀዳለን።

የዛሬው ወሬዬ ስለ ስብሰባ ነው። ቆይ፣ አትዝጉት። ስለ ምክር ቤት ጉባኤ፣ ስለ አጀንዳ፣ ስለ ዕቅድ። እኔም ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ቶሎ ብዬ የማልፍ ሰው ነበርኩ። ግን በራችን ላይ የሚተኛው ውሃ ከየት መጣ ብዬ ባሰብኩ ቁጥር ሐሳቤ ዞሮ ዞሮ አንድ ስብሰባ ላይ ያርፋል። እንደውም ሁለት ስብሰባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰፈራችን ኮብልስቶን ሊነጠፍለት ነው ተባለ። ደስታችንን አትጠይቁኝ። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ የጠገበ ሰፈር ነው። ኮሚቴ ይመረጥ ሲባል ሊቀመንበር ተመረጠ፣ ገንዘብ ያዥ ተመረጠ፣ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ለምን ካላችሁ፣ እስክሪብቶ ይዤ የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በቃ፣ ሌላ መስፈርት አልነበረም። መዋጮ በየቤቱ እየዞርን ሰበሰብን፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች መጡ፣ ድንጋዩ ተነጠፈ። ልጆቹ የመጀመሪያ ቀን በባዶ እግራቸው ነው የሮጡበት።

ከዚያ ክረምት መጣ።

ድሮ ጭቃው የሚመጠው ውሃ አሁን በድንጋዩ ላይ እየተንሸራተተ ዝቅ ወዳሉት ቤቶች ይገባ ጀመር። ዲች፣ የጎርፍ መውረጃው፣ የለማ! ሐዋሳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ከተማዋ ሜዳ ናት። ቀስ ብላ ወደ ሐይቁ ታዘነብላለች። ቁልቁለቷ ትንሽ ስለሆነ ውሃው መንገድ ካልተበጀለት የትም አይሄድም፣ ቁጭ ይላል። የሚሄደውም ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው። ሐይቁ ደግሞ ጥቁር ውሃ የሚባለውን ወንዝ ይቀበላል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። እዚህ የጣልነው ፌስታል፣ ከዚህ የታጠበው አፈር፣ ሁሉም እዚያው ይከማቻል። ይኼ ራሱን የቻለ ሌላ ወሬ ነው፣ ሌላ ቀን።

አቤት እንበል ተባለና የሕዝብ መድረክ ላይ ተጠራን። ወሩ እንደ አሁኑ ሐምሌ ነበር። የጥሪው ሰዓት ሁለት ተኩል። የተጀመረው አራት ሰዓት ላይ። አንድ ወረቀት ታደለን። አንደኛ፣ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ። ሁለተኛ፣ የአፈጻጸም ሪፖርት። ሦስተኛ፣ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ። አራተኛ፣ ልዩ ልዩ።

የእኛ ዲች የት ትሆናለች? ልዩ ልዩ ውስጥ።

ስብሰባ ያዘወተረ ሰው «ልዩ ልዩ» ማለት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ሪፖርቱ ተነበበ። ገጽ በገጽ፣ ፐርሰንት በፐርሰንት። አጠገቤ የተቀመጡት የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው አንዴ ያንቀላፋሉ፣ አንዴ ይነቃሉ። ልዩ ልዩ ላይ ስንደርስ ሰባት ሰዓት አልፏል። ግማሹ ሰው ወጥቷል። መድረክ ላይ ያሉትም ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነው። ጋሼ ተነሱ።

«ልጆቼ፣ ብዙ ቃል የለኝም። ውሃው አልጋዬ ሥር ገብቷል» አሉና ተቀመጡ።

አንዳንዱ ሳቀ። ከዚያ ጸጥ አለ። ከመድረኩ መልስ ተሰጠ፦ «ጥሩ አስተያየት ነው፣ እንወስደዋለን።» ይዘውት የት እንደሄዱ እንጃ።

በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከሌላ ከተማ መጣ። እዚያ ፕላንና በጀት ላይ ነው የሚሠራው። ፍቅር ሐይቅ ጋ ቡና ይዘን ተቀምጠን እየተማረርኩ ነገርኩት። እሱ እቴ፣ አልደነገጠም። «በስንት ወር ሄዳችሁ?» አለኝ። በሐምሌ አልኩት።

«እንግዲያው ሰርጉ ላይ ነው የደረሳችሁት። ሽምግልናው ያለቀው በየካቲት ነው» አለኝ።

ይህቺን አባባል እስከዛሬ አልረሳኋትም። እንዴት እንደሆነ ሲያስረዳኝ እኔም ገባኝ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ይኼንን ሁላችንም እናውቃለን። ያላወቅነው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ገና በበጋው፣ በጥር በየካቲት፣ ጽሕፈት ቤቶቹ ለከርሞ የሚሉትን ፍላጎት መሰብሰብ ይጀምራሉ። መንገዱ የራሱን፣ ውሃው የራሱን፣ ጤናው የራሱን። ከዚያ ገንዘብ የያዘው ክፍል የበጀት ጣሪያ ያወጣል፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁ ነው ነገሩ። ከዚያ ስሚ አለ። ስሚ ማለት እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ይኼ ለምን አስፈለገህ ተብሎ የሚጠየቅበት ነው። እዚያ ነው የሚቆረጠው፣ እዚያ ነው የሚሸጋሸገው። የተረፈው ለካቢኔ ይሄዳል፣ ከካቢኔ ለምክር ቤቱ። ቋሚ ኮሚቴ ያየዋል። አፈ ጉባኤው አጀንዳ ይዞ ጉባኤ ይጠራል። ከንቲባው ያቀርባል፣ ጥያቄ ይጠየቃል፣ እጅ ይወጣል።

«ታዲያ ምክር ቤቱ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ይሠራል እንጂ! አባላቱ ከዚያ በፊት ከጠየቁ። አዳራሹ ውስጥ ግን ለአንድ ዲች ገንዘብ ልጨምር ብትል ከየትኛው ላይ ልትቀንስ ነው? ከጤና ጣቢያው? ሒሳቡ ተዘግቶ ነው የሚመጣው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ «ምክር ቤት» ስንል ሁሉንም እናደበላልቃለን። የቀበሌ አለ፣ የከተማው አለ፣ የክልሉ አለ። ሐዋሳ ከ2012 ወዲህ የሲዳማ ክልል መዲና ስለሆነች የክልሉም ምክር ቤት እዚሁ ነው የሚቀመጠው። የሰፈር ዲች ለክልል ምክር ቤት ሄዶ አቤት የሚል ሰው አውቃለሁ። በሬዲዮ «ጉባኤው ተጀመረ» ሲባል ሰምቶ ፋይሉን ይዞ ነው የሮጠው፤ ምስኪን።

ገንዘቡም አንድ ዓይነት አይደለም። ደመወዝና ወረቀት የሚገዛው መደበኛ በጀት ነው፤ መንገድና ዲች የሚሠራው የካፒታል በጀት። ከተማው ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከአገልግሎት የሚሰበስበው አለ። የሕዝብ መዋጮ አለ። በዓለም ባንክ ድጋፍ የመጣም አለ፤ በ2010 የተጀመረው ዩአይአይዲፒ የሚባለው የከተሞች ተቋምና መሠረተ ልማት ፕሮግራም 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር፣ ሐዋሳም አንዷ ነበረች። እዚያ ገንዘቡ ይለቀቅ የነበረው በየዓመቱ የከተማው ሥራ እየተመዘነ ነው። ከተማው የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ፕላን፣ የሚሠሩ ነገሮች ዝርዝር ማለት ነው፣ መያዝ ነበረበት፣ ፕላኑም ነዋሪ የመከረበት መሆን ነበረበት። የአክስቴ ልጅ እንዳለኝ፣ በዚያ ዝርዝር ውስጥ መስመር የሌለው ፕሮጀክት ልመና ነው።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የሌላ ሰው ነበር። ደስ ይላል አይደል፣ ጥፋቱ የሌላ ሰው ሲሆን? ማታ ቤት ገብቼ የኮሚቴውን መዝገብ ፈለግኩ። ያ ጠርዙ ቀይ፣ ሽፋኑ ጥቁር የሆነ መዝገብ አለ አይደል፣ እሱ። አቧራውን አራግፌ ገለጥኩት። የኮብልስቶኑ ሁለተኛ ስብሰባ። ተራ ቁጥር 3። እንዲህ ይላል፦ «ባለሙያው ከንጣፉ ጋር የጎርፍ መውረጃ አብሮ ቢሠራ የሚሻል መሆኑን አስረድቷል። ሆኖም መዋጮውን ስለሚጨምር የዲቹ ጉዳይ በቀጣይ ይታያል።»

የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ትዝ አለኝ። ባለሙያው አጭር ልጅ ነው፣ ሜትር ይዞ መጥቶ ነበር። ድንጋዩ ከተነጠፈ በኋላ መቆፈር እጥፍ ያስወጣል፣ አሁን አብራችሁ አሠሩ ብሎ ለመነን ማለት ይቻላል። እኛ ደግሞ መዋጮው ከፍ ሊል ነው ሲባል አጉረመረምን። እጅ ይውጣ ተባለ፣ ወጣ። የጋሼም እጅ ወጥቷል፣ የእኔም። «በቀጣይ ይታያል» የምትለዋን ያገኘሁት ከጭንቅላቴ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሳልሠራ የቢሮ ቋንቋ ከየት እንደመጣልኝ! ለራሳችን ሰፈር የራሳችንን ልዩ ልዩ የሠራነው እኛው ነን።

መዝገቡን ለማንም አላሳየሁም። ለጋሼ ግን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ታዲያ ሽማግሌ እንላካ» አሉ። የአክስቴን ልጅ ወሬ ነግሬያቸው ነበር።

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ስድስት ሆነን ሄድን። ጋሼ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበዋል፣ እውነትም ሴት ልጅ ልንጠይቅ የምንሄድ ነው የሚመስለው። ከመሄዳችን በፊት ሲባጎ ገዝተን በየአስር ሜትሩ ቋጠሮ አድርገን ከመጨረሻው ቤት እስከ ዋናው ዲች ለካነው። 240 ሜትር። በመንገዳችን የተነጠፈ ድንጋይ የት የት እንደሚነሳ በቾክ ምልክት አደረግን። ልጆች የሰኞ ማክሰኞ መጫወቻ መስሏቸው ሲዘሉበት ዋሉ።

የተቀበለን ሰው መጀመሪያ ማመልከቻ መስሎት እጁን ዘረጋ። ስፋቱ፣ ርዝመቱ፣ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ስንት ቤት ውሃ እንደገባበት የሚል አንድ ገጽ ሰጠነው። ወንበር አመጣልን። ያ ወንበር ብዙ ነገር ነው። ሐምሌ ላይ ቆመን ነበር የምንናገረው። «ይኼማ ሊገባ ይችላል፤ ግን ዲቹ ከታች የሚገናኝበት መጀመሪያ መሰፋት አለበት፣ አለዚያ የእናንተን ውሃ ለታችኛው ሰፈር መላክ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ስለ ታችኛው ሰፈር አንዳችንም አላሰብንም ነበር።

አሁን የት ደረሰ ካላችሁ፣ በሦስት ዓመቱ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የታችኛው ማስፋት በዚህ ዓመት፣ የእኛ በሚቀጥለው። ምክር ቤቱ ደግሞ በዚህ ወር ነው በበጀቱ ላይ የሚቀመጠው። ሊቀርም ይችላል፤ ስንት የተቆረጠ ነገር አለ። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች በኮሪደር ልማቱ ሲያምሩ ማታ ማታ እየወጣሁ እሄድባቸዋለሁ፣ አልዋሽም፣ ደስ ይለኛል። ቤቴ ልገባ ስታጠፍ ግን ጫማዬን አወልቃለሁ።

ትናንት ስልክ ደውዬ የዘንድሮው አጀንዳ ላይ የት እንዳለን ጠየቅኩ። ተራ ቁጥር ሦስት፣ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ውስጥ። ለጋሼ ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። አልጋቸውን ከፍ አድርገውታል። ከንጣፉ የተረፉ ኮብልስቶኖች ነበሩ፣ በአራቱም እግር ሥር ሁለት ሁለት ደርበውበታል። «ለማንኛውም» አሉኝ።

ስሙት፣ ዝናቡ ጨመረ። ግቢ በሩ ጋ ያለችው ትንሿ ቦይ ሳትደፈን አልቀረችም። አካፋው የት ነበር? እስቲ ልውጣ፣ ደህና እደሩ።