በልምምድ የሞተው አብራሪ

ታሪኩ የተፈጸመው ሂውረን ሐይቅ ላይ ነው። በአሜሪካና በካናዳ መካከል ይገኛል። ሚያዝያ 3 ቀን 1936 ዓ.ም. ምክትል መቶ አለቃ ፍራንክ ሙዲ ከአውሮፕላኑ ጋር እዚህ ወደቀ። ዕድሜው 22 ነበር።

ጠላት ተኩሶ አልጣለውም። ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሜዳ ለመሄድ ገና የተኩስ ልምምድ ላይ ነበር። “በልምምድ ሞተ” ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ እናልፈዋለን። እኔ ግን እንዲህ የሞቱትም የጦርነቱ ሰማዕታት ናቸው ባይ ነኝ።

ምን ተፈጠረ? ሙዲ ያበርረው የነበረው ፒ-39 ኤራኮብራ የተባለ ተዋጊ አውሮፕላን ሞተሩ ከአብራሪው ጀርባ ነው። አፍንጫው ላይ መትረየስ ተጠምዶበታል። ጥይቱ ታዲያ በሚሽከረከረው ፕሮፔለር መሀል ሾልኮ ነው የሚያልፈው። እንዴት አይመታውም? ተኩሱን ከፕሮፔለሩ ዙር ጋር የሚያናብብ መሣሪያ አለ። የፕሮፔለሩ ክንፍ አፈሙዙ ፊት ሲደርስ ተኩሱን ይይዛል፤ ሲያልፍ ይለቃል። ይህ ቅንጅት ከተዛባ አውሮፕላኑ ራሱን ይመታል። ስብርባሪውን ያጠኑት የአሜሪካዋ ሚቺጋን ግዛት አርኪዮሎጂስት ዌይን ሉሳርዲ የደረሱበትም ይኸው ነው። የገዛ መትረየሱ ነው ፕሮፔለሩን የመታው።

ሙዲ ከተስኪጊ አብራሪዎች አንዱ ነው። ጥቁርና ነጭ በተለያየበት የአሜሪካ ጦር ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ወታደራዊ አብራሪዎች እነሱ ናቸው። የሠለጠኑበት የጥቁሮች ትምህርት ቤት ተስኪጊ ለእኛም ባዳ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. አገራችን መጥተው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አየር ኃይላችንን የመሩት ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን እዚያው የተማሩ ናቸው። ተስኪጊ የበረራ ትምህርት እንዲጀምር አስቀድመው ሲወተውቱ የነበሩትም እሳቸው ናቸው።

የሙዲ አውሮፕላን ተገልብጦ፣ 10 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ለአሥርት ዓመታት ተኛ። ያገኙት ጠላቂዎች አባትና ልጅ ናቸው። ቀኑ ሚያዝያ 3፣ 2006 ዓ.ም. ነበር። ከወደቀ ልክ በ70 ዓመቱ፣ በዚያው ዕለት!

በ2013 ዓ.ም. ሚቺጋን ውስጥ በልምምድ ለሞቱ የተስኪጊ አብራሪዎች ፖርት ሂውረን ከተማ ላይ መታሰቢያ ቆመላቸው። ከ2 ዓመት በኋላ የሙዲ አውሮፕላን ሞተር ከሐይቁ ወጣ። ከውኃ የወጣ ብረት ቶሎ ስለሚበላ፣ መጀመሪያ ረጅም እንክብካቤ ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ቦታው ዲትሮይት ያለው የተስኪጊ አብራሪዎች ሙዚየም ነው።