የአውሮፓ ገንዘብና የክሮኤሺያ ሊግ ሚዛን

አዘጋጅ፦ ከአውሮፓ ውድድሮች የሚገኘው የሽልማት ገንዘብ የሀገር ውስጥ ሊጎችን ሚዛን ያዛባል የሚል ቅሬታ አለ፤ እኔም እጋራዋለሁ። ዛሬ ክሮኤሺያን የመረጥነው የአንድ ክለብ የበላይነት ምን ያህል ሊዘልቅ እንደሚችል ስለምታሳየን ነው። ዲናሞ ዛግሬብ ከ2006 እስከ 2024 ድረስ ከተካሄዱት 19 የሊግ ውድድሮች የ18ቱን ዋንጫ ወስዷል፤ በ2017 ብቻ ሪየካ የተባለው ክለብ ነጥቆታል።

ተባባሪ አዘጋጅ፦ ይህ ሁሉ ግን በአውሮፓ ገንዘብ ብቻ የመጣ ነው ለማለት እቸገራለሁ፤ ዲናሞ እንደ ሉካ ሞድሪች ያሉ ተጫዋቾችን አሳድጎ በመሸጥም ይታወቃልና።

አዘጋጅ፦ ልክ ነሽ፤ ነገር ግን ሁለቱ ይመጋገባሉ፤ በአውሮፓ መድረክ የታየ ወጣት ዋጋው ይጨምራል። በ2024/25 በሻምፒዮንስ ሊግ ዋናው ውድድር የገባ ክለብ ሁሉ ገና ሜዳ ሳይገባ 18.62 ሚሊዮን ዩሮ ይታሰብለት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ድል 2.1 ሚሊዮን፣ ለአቻ ደግሞ 700 ሺህ ይጨመራል። ዲናሞ በመጀመሪያው ጨዋታ በባየርን ሙኒክ 9 ለ 2 ቢረታም፣ በኋላ ሚላንን ጨምሮ ሦስት ቡድኖችን አሸንፎና ሁለት ጊዜ አቻ ወጥቶ 11 ነጥብ ሰበሰበ። በግብ ክፍያ ተበልጦ ወደ ቀጣዩ ዙር ባያልፍም፣ ከእነዚህ ክፍያዎች ብቻ ከ26 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ደረሰው።

ተባባሪ አዘጋጅ፦ በዚያው ዓመት የሀገሪቱን ሊግ ዋንጫ ያነሳው ግን ሪየካ ነው። ገንዘቡ ዋንጫ ካልገዛ ቅሬታው ከምን የመነጨ ነው?

አዘጋጅ፦ የሪየካ ድል እኔንም ከልብ አስደስቶኛል፤ ሆኖም እንዴት እንደተገኘ እንመልከት። ዲናሞ በአንድ የውድድር ዓመት አሰልጣኝ ደጋግሞ ቀይሮ፣ ያንን ሁሉ ተሳስቶ፣ ከሪየካ ጋር በእኩል 65 ነጥብ ነው የጨረሰው፤ ዋንጫውን ያጣው እርስ በርስ ባደረጓቸው ጨዋታዎች ውጤት ተበልጦ ነው። ሀብታሙ ክለብ ስህተቱን የሚያርምበት ገንዘብ አለው፤ ሌላው ግን አንድ ዓመት ሙሉ ሳይሳሳት መጓዝ አለበት። እኔ ፍትሕ ጎደለ የምለው ይህንን ነው።

ተባባሪ አዘጋጅ፦ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በውድድሮቹ ለማይሳተፉ ክለቦች በዓመት 308 ሚሊዮን ዩሮ መድቧል፤ ይህ ከውድድሮቹ ጠቅላላ ገቢ 7 በመቶ ሲሆን፣ በመላው አውሮፓ ላሉ ሊጎች ሲከፋፈል ለአንዱ ክለብ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ዲናሞ ገንዘቡን በላቡ እንዳገኘው አልክድም። ወደ አውሮፓ የሚያሻግረውን ቦታ ያገኘው ግን ከዘጠኝ የሀገሩ ክለቦች ጋር 36 ጨዋታ አድርጎ ነው፤ ስለዚህ ከሽልማቱ የተወሰነው ድርሻ ዲናሞ እጅ ከመግባቱ በፊት ለእነዚሁ ዘጠኝ ክለቦች ቢከፈል ተገቢ ነው እላለሁ።

አዘጋጅ፦ እኔም እስማማለሁ፤ ክፍያው ግን በየሀገሩ ፌዴሬሽን ውሳኔ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም፤ በማኅበሩ ደንብ ውስጥ መግባት አለበት።