ጠብታዋ የሌንሱ አካል ናት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማጫውታችሁም ስለ አንዲት የዘይት ጠብታ ነው። በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የሠራ ሁሉ ያውቃታል። ወባ ይኑር አይኑር ለማወቅ፣ ትኩሳት ይዞት ከመጣ ሰው ጣት የተወሰደው ደም ስላይድ በምንለው ስስ መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ጊምሳ በሚባል ማቅለሚያ ቀልሞና ደርቆ ማይክሮስኮፑ ላይ ሲቀመጥ፣ መቶ እጥፍ የሚያጎላው ባለ መቶው ሌንስ ከመዞሩ በፊት ጠብታዋ ደሙ ላይ ታርፋለች።

ተማሪዎቼን ለምን እንደምትደረግ ስጠይቃቸው «ምስሉ እንዲጠራ» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ግን ጠብታዋን ተጨማሪ ነገር ያስመስላታል። እኔ የሌንሱ የመጨረሻ ክፍል ናት ብዬ አምናለሁ። ያለ እርሷ ባለ መቶው ሌንስ ገና ተሠርቶ አላለቀም።

ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ ይሰበራል። ከ41 ዲግሪ በላይ አዘንብሎ የመጣው ጨረር ደግሞ ከነጭራሹ አይወጣም፤ ተመልሶ መስታወቱ ውስጥ ይቀራል። የሚያሳዝነው፣ የጥቃቅኑን ነገር ቅርጽ ይዞ የሚመጣው ይኸው በሰፊው ያዘነበለ ጨረር መሆኑ ነው። ጠብታዋ ግን በስላይዱና በሌንሱ መካከል የአየሩን ቦታ ትይዛለች። የስላይዱ የስብረት መጠን፣ ማለትም ብርሃንን የመስበር አቅሙ፣ 1.52 ገደማ፣ የዘይቱ 1.515 ስለሆነ ብርሃኑ ድንበር መሻገሩን ሳያውቅ ያልፋል። ይህን ቤታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የፓይሬክስ ብርጭቆ የምግብ ዘይት ውስጥ ብትነክሩ የተነከረው ክፍል ከዓይን ይሰወራል፤ የሁለቱ የስብረት መጠን 1.47 ገደማ ነውና። ታዲያ የምግብ ዘይት ለማይክሮስኮፕም አይሆንም ወይ? አይሆንም። ከስላይዱ መስታወት ጋር አይገጥምም፤ ሲቆይም ሙጫ ሆኖ ሌንሱ ላይ ይደርቃል።

ሌንሱ ላይ ከ100 ቀጥሎ 1.25 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ሌንሱ ምን ያህል ያዘነበለ ጨረር መቀበል እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ነው። እኔ ከመቶው ይልቅ ይህንን አከብራለሁ። ባለ አርባው ላይ ያለው 0.65 ነው። በአረንጓዴ ብርሃን ሲሰላ ባለ አርባው 0.42 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሚራራቁ ሁለት ነጥቦችን ይለያል፤ ባለ መቶው ከነዘይቱ 0.22 ድረስ ይወርዳል። ማጉላት ብቻውን ብዥታውንም አብሮ ያጎላል፤ ሕመምተኛውን የሚጠቅመው መለየት ነው።

ቀይ የደም ሕዋስ 7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተሐዋሲ ለጋ ሳለ በሕዋሱ ውስጥ ቀለበት መስሎ ይታያል፤ የቀለበቱ ክር እጅግ ቀጭን ነው፤ ቀይ ነጥቡም ኢምንት ናት። እኛ አገር ፋልሲፓረምም ሌላው ዓይነት ቫይቫክስም ስላሉ «ወባ አለ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚያገረሽ ሕክምናው ይለያል። ያንን ልዩነት የሚያሳየን ጠብታዋ የምታስገባው ብርሃን ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራን በ1880 እ.ኤ.አ. አልጄሪያ ውስጥ የወባን ተሐዋሲ ያየው ዘይት በማይፈልግ ሌንስ ነበር። ትዕግሥቱ ዘወትር ይደንቀኛል። ብዙዎች ግን አላመኑትም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አቤና የማይክሮስኮፕ ሠሪው ዛይስ የዘይቱን ሌንስ የሠሩት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1878 ነበር፤ ሮም የነበሩት ጣሊያናውያን ሐኪሞች ማርኪያፋቫና ቼሊ በዚህ ሌንስ በ1884 ሲመለከቱ፣ ተሐዋሲው ሕያው ደም ውስጥ ሲንቀሳቀስ በግልጽ አዩት። የያኔው ዘይት ከዝግባ እንጨት የሚወጣ ነበር፤ ካልተጠረገ ይደርቅና ሌንሱን ይጎዳል። የዛሬው ሰው ሠራሽ ዘይት አይደርቅም፤ ያም ሆኖ ሌንሱን ሳይጠርጉ ማደር አይገባም።

አጠራረጉ ላይ ጥብቅ ነኝ። በሌንስ ወረቀት ብቻ፣ በቀስታ። የጋዋን ጫፍና ጥጥ አይነካውም፤ ዘይት የሚያሟሟው ኬሚካል ዛይሊንም ሲበዛ ሌንሱን ያያያዘውን ማጣበቂያ ያላላል። ዘይት ካረፈ በኋላ ባለ አርባውን መልሶ ማዞርም አይገባም፤ እርሱ ለአየር የተሠራ ነው፣ ዘይት ከነካው ቀጥሎ የሚታየው ስላይድ ሁሉ ጭጋግ ይለብሳል። ወባ የለም ከማለታችን በፊት ቢያንስ 100 የእይታ መስኮች፣ ማለትም በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታዩ የስላይዱ ክፍሎች፣ እናያለን፤ መቶውንም በጭጋግ ካየናቸው ያው አላየንም።

ምስሉ ከደበዘዘባችሁ የዓይን ሌንሱን አውጡና በቱቦው ቁልቁል ተመልከቱ። የአየር አረፋ ካለ እዚያ ክብ ሆኖ ይታያል። ያኔ ጥረጉና በአዲስ ጠብታ ጀምሩ፤ ለዘይቱ አትሳሱ።