ነጥብ ያለበት ሁሉ ቆሻሻ አይደለም

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፖሊም የፔዳም ግቢ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ! አዘጋጆቹ ስለ ባክአፕ፣ ፋይልን ለመጠባበቂያ ገልብጦ ስለማስቀመጥ፣ እንድናገር ነው የጋበዙኝ። እናገራለሁ። የመጣሁበት ጉዳይ ግን በነጥብ የሚጀምሩት ፋይሎች ናቸው። ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምትጠቀሙ ሁሉ፣ የግል ፋይላችሁ የሚቀመጥበት ሆም ፎልደራችሁ በእነሱ ተሞልቷል።

የአስጎብኚውን ወዳጃችንን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ላልሰማችሁት ልድገመው። ላፕቶፑ ተንቀራፈፈበትና ጥገና ቤት ወሰደው። ባለሙያው ጨዋ ልጅ ነው፤ «መጀመሪያ ፋይሎችህን ልገልብጥልህ» አለው። ሆም ፎልደሩን ከፈተ፣ ሁሉንም መረጠ፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጠ። ከዚያ ፎርማት።

ማታ ተደወለልኝ። «ፎቶዎቼ አሉ። ኢሜይሎቼስ?»

ወዳጃችን ኢሜይሉን ተንደርበርድ በሚባል የኢሜይል ፕሮግራም እያወረደ ከሰርቨሩ ላይ የሚያጠፋ ሰው ነው። ተንደርበርድ ደግሞ ደብዳቤውን የሚያስቀምጠው በነጥብ በሚጀምር ፎልደር ውስጥ ነው። ፋይል ማናጀሩ ያንን አያሳይም። የማይታየው ደግሞ «ሁሉንም ምረጥ» ሲባል አይመረጥም። የደንበኛ ስልክ፣ የጀልባ ቀጠሮ፣ ሁሉም ሄደ። በማግስቱ ወደ ዘጌ የሚሻገሩትን እንግዶች ወደቡ ላይ ቆሞ ፈረንጅ ባለፈ ቁጥር «እኔን ነው የምትጠብቁት?» እያለ ፈለጋቸው። አሁን ይሳቃል። ያን ቀን አልተሳቀም።

ልጁን አልወቅሰውም። ለመሆኑ ይሄ መደበቅ ከየት መጣ? የኮምፒውተር ባለሙያው ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደጻፈው፣ ሊኑክስ አርአያው ባደረገው በዩኒክስ መጀመሪያ ዘመን የታሰበው «ነጥብ» (ያላችሁበት ፎልደር) እና «ነጥብ ነጥብ» (ከሱ በላይ ያለው) የሚባሉትን ሁለት ስሞች ብቻ ከፋይሎች ዝርዝር ማስቀረት ነበር። ኮዱ ግን የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አየ። በነጥብ የጀመረ ሁሉ ተደበቀ። ታስቦበት የተሠራ እንዳይመስላችሁ!

ያም ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሮግራሞች ፋይላቸውን የት ማስቀመጥ እንዳለባቸው የሚናገር ኤክስዲጂ የሚባል ስምምነት ወጣ። ሴቲንግ ነጥብ ኮንፊግ (.config) ውስጥ፣ ዳታ ነጥብ ሎካል ሥር ሼር (.local/share) ውስጥ፣ ቢጠፋ የማይቆጨው ነጥብ ካሽ (.cache) ውስጥ ይግባ አለ። ከዚህ በላይ ምን ይብራራ? የፋይል ለውጥ የሚመዘግበው ጊት እ.ኤ.አ. በ2012 ተቀበለ። ጽሑፍ ማረሚያው ቪም እስከ 2024 ቆየ፤ የቪም ወዳጆች እንደምታጉረመርሙ አውቃለሁ፣ አጉረምርሙ! ዛሬም ስንቱ ፕሮግራም አንዴ ተከፍቶ ፎልደሩን መሀል ቤት ጥሎ ይሄዳል። ብታራግፉትም ፎልደሩ ይቀራል። እምቦጭ ነው! ጣና ላይ እምቦጭ ስንነቅል የኖርን ሰዎች በገዛ ላፕቶፓችን ላይ ለምን ዝም እንላለን? እዚህ ፕሮግራም የምትጽፉ ልጆች አላችሁ። ለእናንተ ነው የምናገረው፤ በሰው ቤት ዕቃ ስታስቀምጡ ቦታውን ጠይቁ!

ባክአፑን ቶሎ ልበል። ፋይል ማናጀሩ ላይ ኮንትሮልና ኤች ስትጫኑ የተደበቀው ይታያል። ሆም ፎልደሩን ከነሙሉ ገልብጡ፤ ካሹ ቢቀር ግድ የለም። ኖም በሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ምርጫችሁ ሳይቀር ነጥብ ኮንፊግ ሥር ዲኮንፍ የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ሴቲንጋችሁን በጊት መያዝ ጥሩ ነው፤ በርቀት ሌላ ኮምፒውተር የምትገቡበትን የኤስኤስኤች የግል ቁልፋችሁን ግን እዚያ እንዳታስገቡ፣ በፈጠራችሁ!

ሻዩ ደርሷል መሰለኝ። ላፕቶፕ የያዛችሁ በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ አገኛችኋለሁ፤ ቻርጀር ግን ይዛችሁ ኑ፣ መብራቱን አላምነውም።